ያልታተመው ሦስተኛ የድምፅ መስጫ ወረቀት

ምርጫ በመጣ ቁጥር ኢትዮጵያዊ መራጭ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ፣ ካርዱን አሳይቶ፣ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ሁለት ወረቀት ይቀበላል። አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት። ሁለቱንም ኮሮጆ ውስጥ ጨምሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 53 አገሪቱ ሁለት የፌዴራል ምክር ቤቶች እንዳሏት ይናገራል። ለሁለተኛው፣ ማለትም ለፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ወረቀት የሰጠው ማን ነው? ማንም። ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ ከዋለበት ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ አንድም ኢትዮጵያዊ ለዚህ ምክር ቤት አባል በቀጥታ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም።

"ሕጉ ስለማይፈቅድ ነው" የሚል ካለ ሕጉን አላነበበም። አንቀጽ 61 ንዑስ አንቀጽ 3 ሁለት በር ከፍቷል። የክልል ምክር ቤቶች የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን ራሳቸው መርጠው መላክ ይችላሉ። ወይም ምርጫ አዘጋጅተው ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ማድረግ ይችላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁሉም ክልሎች በመጀመሪያው በር ብቻ ሲመላለሱ ኖሩ። ሁለተኛው በር ላይ ሸረሪት አደራበት። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይሄ ነው።

ነገሩ የአሠራር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። አይደለም። የዚህች አገር ትልልቅ ጥያቄዎች፣ ደም ያፋሰሱትና ነገም ሊያፋስሱ የሚችሉት፣ የመጨረሻ ውሳኔ የሚያገኙት ማንም ባልመረጠው በዚህ ምክር ቤት ውስጥ ነው።

▪️ ምን ዓይነት ሥልጣን ነው የያዘው?

ብዙ ሰው የፌዴሬሽን ምክር ቤትን የሚያውቀው በብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ነው። ባህላዊ ልብስ፣ ጭፈራ፣ የስታዲየም ሰልፍ። የምክር ቤቱ ትክክለኛ ሥራ ግን አንቀጽ 62 ላይ ተዘርዝሯል፤ ዝርዝሩም ጭፈራ የለበትም።

ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው እሱ ነው። በሌላ አገር ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ወይም ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ሥልጣን በኢትዮጵያ የዚህ ምክር ቤት ነው። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አጥንቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው። የብሔሮችን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን ጥያቄ፣ እስከ መገንጠል ያለውን ጭምር፣ የሚወስነው እሱ ነው። ክልሎች በወሰን ተጣልተው መስማማት ካቃታቸው በአንቀጽ 48 መሠረት ዳኛው እሱ ነው። የፌዴራል መንግሥትና ክልሎች በጋራ የሚሰበስቡት ገቢ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በምን ቀመር እንደሚመደብ የሚወስነው እሱ ነው። አንድ ክልል ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ጣለ ሲባል የፌዴራል መንግሥት ጣልቃ እንዲገባ የሚያዘውም እሱ ነው።

በአጭሩ፦ መሬት፣ ገንዘብ፣ ማንነት፣ ሕገ መንግሥት፣ ጣልቃ ገብነት። አንድ መራጭ "ለዚህ ጉዳይ ድምፄን መስጠት እፈልጋለሁ" የሚለው ነገር ቢጠየቅ ከእነዚህ ውጭ ምን ይቀራል?

የፕሪቶሪያው ስምምነት የይገባኛል ጥያቄ የሚነሳባቸው አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንደሚፈታ ይላል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ማለት ዞሮ ዞሮ መድረሻው የዚሁ ምክር ቤት ደጃፍ ነው። የወልቃይት ወይም የራያ ነዋሪ፣ በየትኛውም ወገን ይቁም፣ ዕጣ ፈንታውን የሚወስነውን ሰው ስም ያውቃል? መርጦታል? ሊሽረው ይችላል?

▪️ ማን ነው የሚቀመጥበት?

የክልል ምክር ቤቶች ራሳቸው መራጭ ሲሆኑ ማንን እንደሚልኩ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ራሳቸውን የሚመራውን ሰው ነው። ርዕሰ መስተዳድሮች፣ የክልል ካቢኔ አባላት፣ የቢሮ ኃላፊዎች የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወንበር ይዘው መቀመጣቸው የተለመደ ነገር ሆኗል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 68 አንድ ሰው የሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች አባል እንዳይሆን ይከለክላል። ክልልን እየመሩ በፌዴሬሽን ምክር ቤት መቀመጥን ግን ማንም አልከለከለም።

ውጤቱን እንመልከት። የድጎማ ቀመር ሲጸድቅ እጁን የሚያወጣው ድጎማውን የሚቀበለው የክልል ባለሥልጣን ነው። የወሰን ክርክር ሲቀርብ ከዳኞቹ አንዱ ተከራካሪው ክልል የላከው ሹም ነው። በክልሉ መንግሥት ድርጊት ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ተጣሰ ብሎ አቤት ያለ ዜጋ፣ አቤቱታው የሚታየው ያንኑ ድርጊት የፈጸመው አስተዳደር ኃላፊዎች በተቀመጡበት አዳራሽ ነው። ራሱ ተከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ።

በዚህ ላይ የፓርቲ ነገር አለ። በ2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤትን 547 መቀመጫዎች በሙሉ ወሰዱ። የክልል ምክር ቤቶችም የእነሱ ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ብልጽግና ፓርቲ ከፍተኛውን ድርሻ ጠራርጎ ወሰደ። የክልል ምክር ቤት አብላጫ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን ሲመርጥ፣ በክልሉ ለሌላ ፓርቲ ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ሁለት ጊዜ ይቀበራል፤ አንዴ በክልሉ ምርጫ፣ ሁለተኛ በዚህ ምርጫ። ከላይ የሚደርሰው የአሸናፊው ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም ተጣርቶ፣ ተመርጦ፣ በፓርቲ ዲሲፕሊን ታጥቦ።

የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነዋሪ ደግሞ ከዚህም በታች ነው። አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አላት። የከተማዋ ምክር ቤት ግን የክልል ምክር ቤት ስላልሆነ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚልከው ሰው የለም። "ብሔርህ ተወክሏል" ይባላል። የወከለው ሰው የተመረጠው ግን የአዲስ አበባው ነዋሪ ድምፅ ሰጥቶበት በማያውቅ የክልል ምክር ቤት ነው። ሚሊዮኖች በተዘዋዋሪ እንኳ አልመረጡም።

▪️ 2012፦ ዳኛው ለራሱ የፈረደበት ዓመት

ይህ ሁሉ የወረቀት ክርክር የሚመስለው ካለ ወደ 2012 ዓ.ም. ይመለስ። ነሐሴ 23 ሊካሄድ የነበረው ጠቅላላ ምርጫ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተራዘመ። የምክር ቤቶቹ የሥራ ዘመን ሲያልቅ አገሪቱን ማን ይመራል? ጥያቄው በሕገ መንግሥት ትርጉም ስም ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ተላከ። አፈ ጉባኤዋ ውሳኔው ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሰኔ 3 ቀን ምክር ቤቱ በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ የምክር ቤቶቹ ዘመን እንዲራዘም ወሰነ። ከተራዘሙት ውስጥ የራሱ የምክር ቤቱ ዘመንም ነበረበት።

ውሳኔው አስፈላጊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልቆመም፤ እዚህ መቋጨትም አያስፈልግም። ወረርሽኙ እውነት ነበር፤ ሕገ መንግሥቱም ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ግልጽ መልስ አልነበረውም። ጥያቄው ሌላ ነው። መቶ ሚሊዮን ሕዝብ መሪዎቹን የሚመርጥበትን ቀን ለማራዘም የወሰነው አካል፣ ያ ሕዝብ አንድ ቀንም ያልመረጠው አካል መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉም ያስታውሳል። ትግራይ የራሷን ምርጫ አካሂዳለሁ አለች። ምክር ቤቱ ነሐሴ 30 ምርጫው ዋጋ እንደሌለው ወሰነ። ጳጉሜ 4 ምርጫው ተካሄደ። መስከረም 27 ቀን 2013 ምክር ቤቱ የፌዴራል መንግሥት ከክልሉ ምክር ቤትና ከፍተኛ አስፈጻሚ ጋር ግንኙነቱን እንዲያቋርጥ ወሰነ። ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ተጀመረ። ጦርነቱን የፌዴሬሽን ምክር ቤት አመጣው ማለት አይደለም፤ መሣሪያ ያነሱት ሌሎች ናቸው። ነገር ግን ሁለት ወገን "ሕገ መንግሥቱ የእኔ ነው" እያለ በተፋጠጠበት ሰዓት፣ መሃል ላይ ቆሞ "እኔን ሕዝቡ መርጦኛል፣ ስሙኝ" ሊል የሚችል ዳኛ አልነበረም። ያለ ሕዝብ ድምፅ የተቀመጠ ዳኛ በደህናው ቀን ይፈርዳል፤ በክፉ ቀን ግን የሚሰማው የለም።

▪️ "ሕዝቡ እስኪበቃ ድረስ"

ይህ ልማድ ከኢሕአዴግ አልጀመረም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤት አቋቁሞ ነበር። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። የሕግ መምሪያውን አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ እንዲመርጡለት ተደነገገ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲመጣ ሕዝቡ ለሕግ መምሪያው "በቃ" ተባለና መምረጥ ጀመረ። የሕግ መወሰኛው ግን እንደ ድሮው በንጉሠ ነገሥቱ ሹመት ቀጠለ። ደርግ ፓርላማውን በተነ፤ በ1979ኙ ሕገ መንግሥት የመጣው ብሔራዊ ሸንጎም አንድ ምክር ቤት ብቻ ነበር። በ1987 የላይኛው ምክር ቤት በሌላ ስም፣ በሌላ ዓላማ ተመለሰ።

ንጉሡ ሄዱ፤ ደርግ ሄደ፤ ኢሕአዴግ ሄደ። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። በዘጠና ዓመታት የፓርላማ ታሪኳ ኢትዮጵያ የላይኛውን ምክር ቤት አባል በሕዝብ ድምፅ መርጣ አታውቅም። ያኔ መኳንንቱ፣ ዛሬ ፓርቲው። "ሕዝቡ እስኪበቃ ድረስ" የሚለው ሐረግ ከወረቀቱ ተሰርዟል፤ ከአሠራሩ ግን አልተሰረዘም።

አስቂኙ ነገር ይኸው ምክር ቤት ሌላውን ሕዝብ ድምፅ እንዲሰጥ ሲያደርግ መኖሩ ነው። ኅዳር 10 ቀን 2012 የሲዳማ ሕዝብ ክልል ለመሆን ተሰልፎ ድምፅ ሰጠ። በ2014 መግቢያ የደቡብ ምዕራብ ሕዝብ፣ ጥር 29 ቀን 2015 የደቡብ ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች እንዲሁ። ክልል ለመመሥረት በቂ የሆነ ሕዝብ፣ አንድ የምክር ቤት አባል ለመምረጥ እንዴት አይበቃም?

▪️ ሌሎች ምን አደረጉ?

አሜሪካኖች ሴናተሮቻቸውን ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የመረጡት ልክ እንደ እኛ በክልል ምክር ቤቶች ነበር። ምን ተገኘ? የደላዌር ምክር ቤት መስማማት አቅቶት ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1903 አንድም ሴናተር አልነበራትም። በኢሊኖይ ምክር ቤት የተመረጠ አንድ ሴናተር ወንበሩ በጉቦ የተገኘ ነው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1912 ምርጫው ተሰረዘበት። የታችኛው ምክር ቤት የቀጥታ ምርጫ እንዲመጣ ደጋግሞ ወሰነ፤ ሴኔቱ ደጋግሞ አንቀላፋበት። ከውስጡ የተቀመጠ ሰው በሩን አይከፍትም።

በሩን የከፈቱት ግዛቶቹ ናቸው። ኦሪገን የፌዴራል ሕገ መንግሥት እስኪሻሻል አልጠበቀችም። ሕዝቡ ለሴናተርነት የሚፈልገውን በምርጫ እንዲናገር አደረገች፤ የምክር ቤት ዕጩዎችም የሕዝቡን ምርጫ እንደሚያከብሩ ቃል እንዲገቡ ጠየቀች። እ.ኤ.አ. በ1909 ሪፐብሊካኖች የሞሉት የኦሪገን ምክር ቤት፣ ሕዝቡ የመረጠውን ዴሞክራት ሴናተር አድርጎ ላከ። ከአራት ዓመት በኋላ የቀጥታ ምርጫ የመላ አገሪቱ ሕገ መንግሥት ሆነ። ኦሪገን ዘዴ መፍጠር ነበረባት። የኢትዮጵያ ክልሎች ዘዴ መፍጠር አያስፈልጋቸውም፤ አንቀጽ 61 ፈቅዶላቸዋል።

ሩቅ ነው የሚል ካለ ጎረቤት አለች። ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት 47 ካውንቲዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሴናተር በቀጥታ እንዲመርጡ አደረገች። በ2013ቱ ምርጫ ኬንያዊው መራጭ በአንድ ቀን ስድስት ወረቀት ተቀበለ። አልተደናገረም። እ.ኤ.አ. በ2020 የካውንቲዎች የገቢ ክፍፍል ቀመር ሴኔት ሲቀርብ ስብሰባው ደጋግሞ ያለ ውሳኔ ተበተነ፤ በመሃሉ ሦስት ሴናተሮች ታሰሩ፤ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ተከታተለው። ጭቅጭቅ ነበር፣ አዎ። ግን እያንዳንዱ ሴናተር "ካውንቲዬ ስንት አጣ?" ተብሎ እንደሚጠየቅ ስለሚያውቅ ነው የተጨቃጨቀው። በእኛ አገር ስለ ድጎማ ቀመር እንዴት ድምፅ እንደሰጠ በመራጩ የተጠየቀ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባል ማን ነው? ሊኖር አይችልም፤ መራጭ የለውማ።

▪️ ተቃውሞዎቹ

አንደኛ፦ "የጀርመን የላይኛው ምክር ቤትም በቀጥታ አይመረጥም።" እውነት ነው፤ የሚቀመጡበት የክልል መንግሥታት አባላት ናቸው። ነገር ግን የጀርመንን ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ካርልስሩሄ ያለው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው። የክልሎች ሹማምንት በዳኛ ወንበር አይቀመጡም። የጀርመንን ግማሽ ወስዶ ሌላውን ግማሽ መተው ከጀርመን መማር አይባልም።

ሁለተኛ፦ "ዳኛ በምርጫ አይመረጥም፤ የሕገ መንግሥት ተርጓሚ የምረጡኝ ዘመቻ ውስጥ ከገባ ገለልተኝነቱ ያልቃል።" ይህ ጠንካራ ክርክር ነው። ግን ዛሬ ያሉት አባላት የፓርቲ ሹማምንት ሆነው ሳለ የትኛው ገለልተኝነት ነው የሚያልቀው? ምክር ቤቱ ዳኛ ይሁን ከተባለ፣ የዳኝነቱ ሥራ ነፃ ለሆነ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይሰጥ። የሕዝቦች እንደራሴ ይሁን ከተባለ ሕዝቦቹ ይምረጡት። አሁን ያለው ከሁለቱም የለም፤ የዳኛ ነፃነትም የለው፣ የእንደራሴ ውክልናም የለው።

ሦስተኛ፦ "ትንንሾቹ ብሔረሰቦች ይዋጣሉ።" አይዋጡም። የወንበሩ ቁጥር የሚወሰነው በአንቀጽ 61 ነው፤ እያንዳንዱ ብሔር ቢያንስ አንድ፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተጨማሪ። የቀጥታ ምርጫ ይህንን አይነካም። የሚለወጠው ያንን አንድ ሰው ማን እንደሚመርጠው ብቻ ነው። እንዲያውም አንድ ወንበር ብቻ ያለው ትንሽ ብሔረሰብ ነው ትክክለኛ ሰው የሚያስፈልገው፤ በክልል ምክር ቤት ውስጥ ጥቂት ድምፅ ስላለው ወኪሉን ሌሎች ናቸው የሚመርጡለት።

አራተኛው ከሁሉም ይከብዳል፦ "ወንበሩ የብሔር ከሆነ መራጩ በምርጫ ጣቢያ ብሔሩን ሊጠየቅ ነው።" ሰው በማንነቱ በሚገደልበት አገር ይህ ስጋት ቀልድ አይደለም፤ ከተለያየ ብሔር የተወለደው ዜጋስ በየትኛው ሰልፍ ይቁም? መልሱ የምርጫ ክልልን በቦታ ማድረግ ነው። ብሔረሰቡ በብዛት በሚኖርበት ዞን ወይም ወረዳ፣ የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ ይመርጣል። ለአናሳ ብሔረሰቦች በተወካዮች ምክር ቤት ቢያንስ 20 መቀመጫ ሲሰጥ በተግባር የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ተበትነው ለሚኖሩትም ቢሆን አገሪቱ ልምድ አላት። የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ 14 አባላት ሲመረጡ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ድምፅ ይሰጣሉ። አከራክሯል፤ ፍርድ ቤትም ደርሷል። ግን "አይቻልም" የሚለውን ቃል ከክርክሩ አውጥቶታል።

"ወጪው" የሚለው ተቃውሞ ብዙ ቃል አይፈልግም። ያው ቀን፣ ያው ጣቢያ፣ ያው አስፈጻሚ፣ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ነው።

▪️ እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል፣ አይሻሻል በሚል ስንት ዓመት ተጨቃጨቅን። ይህ ጉዳይ አንድ ቃል ማሻሻል አይጠይቅም። አንድ የክልል ምክር ቤት ተሰብስቦ "የእኛን የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት ሕዝባችን ይመርጣል" ብሎ ሕግ ቢያወጣ፣ ምርጫ ቦርድም ቢዘጋጅበት ይበቃል። ሁሉም ክልል በአንድ ቀን መጀመር የለበትም፤ አንዱ ከጀመረ የሌላው ሕዝብ "እኛስ?" ማለቱ አይቀርም። በዚያው ሕግ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመር፦ ርዕሰ መስተዳድርም ሆነ የክልል ካቢኔ አባል ለዚህ ወንበር አይወዳደርም። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዳይ ግን በዚህ አይፈታም፤ እሱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ያስፈልገዋል፤ በማሻሻያው ክርክር ውስጥም ከፊት መቀመጥ አለበት። የሕዝብ ቆጠራም አለ። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ በ2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው አራዘሙት። ወንበር በሚሊዮን የሚከፋፈልበት ምክር ቤት ሚሊዮኑን ካልቆጠረ ማንን ነው የወከለው?

ገዢው ፓርቲ ይህንን በራሱ ፈቃድ ያደርጋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ተቃዋሚዎችም ቢሆኑ ምርጫ ሲደርስ ስለ ታችኛው ምክር ቤት ወንበር እንጂ ስለዚህኛው ሲከራከሩ ጎልቶ አይሰማም። ስለዚህ ጥያቄው መነሳት ያለበት ከታች ነው። የክልል ምክር ቤት ዕጩ ለቅስቀሳ ወደ ሰፈር ሲመጣ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ይጠየቅ፤ ተገቢ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ይጨመርበት፦ "ከተመረጥክ በኋላ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን አንተ ትመርጥልናለህ ወይስ ለእኛ ትተውልናለህ?" ከመለሰ መልሱ ይመዝገብ። ከሸሸም መሸሹ ይመዝገብ።